ከለመዱት ሥርዓተ ክወና ወደ ክፍት ምንጭ መሸጋገር፤ የላስታ ደጋ ትምህርት ቤቶችን በማሰብ የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲቃረብ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ችግር ይታያል። መምህሩ ያዘጋጀውን ፈተና በፍላሽ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤት ይመጣል። ጸሐፊዋ ፍላሹን ስትሰካ ፋይሎቹ ጠፍተው በምትካቸው ቫይረስ የፈጠራቸው አቋራጭ ምልክቶች ብቻ ይታያሉ፤ ወይም ፋይሉ ይከፈትና አማርኛው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ፈተናው እንደገና ከመጻፍ በቀር ሌላ ምርጫ የለም። ይህ በከተማም በገጠርም የሚደርስ ቢሆንም፣ በላስታ፣ በቡግና፣ በጊዳንና በመቄት ደጋ ላይ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ግን የተበላሸው መሣሪያ ለጥገና ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ መጓዝ ስላለበት ጉዳቱ የከፋ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ አንድ ትምህርት ቤት በኮምፒውተሮቹ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ትቶ ሊኑክስን ወደመሰለ ክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና መሸጋገር ቢፈልግ ምን እንደሚጠብቀውና ሥራውን በምን ቅደም ተከተል ሊያከናውን እንደሚገባው ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም የሚከተለው ነው፤ ለጀማሪው አስቸጋሪ የሚሆንበት አዲሱ ሥርዓት ራሱ ሳይሆን በአሮጌው ላይ ያካበተው ልማድ ነው። ስለዚህ ሽግግሩ ከማሽኑ ሳይሆን ከፊደሉ፣ ከፋይሉና ከመምህሩ መጀመር ይኖርበታል።

ሥርዓተ ክወናና ክፍት ምንጭ ምን ማለት ናቸው?

ሥርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ የኮምፒውተሩን አካላት ከተጠቃሚው ሥራ ጋር የሚያገናኝ መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። የቁልፍ ሰሌዳው ሲነካ ፊደሉ በመስኮቱ ላይ እንዲታይ፣ ጽሑፉ በሀርድ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥና በማተሚያው እንዲወጣ የሚያደርገው እርሱ ነው። ፈተና የሚጻፍበት ወይም ውጤት የሚደመርበት ፕሮግራም ግን በሥርዓተ ክወናው ላይ ተደግፎ የሚሠራ ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት አስቀድሞ መረዳት፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ ለሽግግሩ ትልቅ ጥቅም አለው።

ክፍት ምንጭ ሲባል የፕሮግራሙ የአሠራር ጽሑፍ፣ ማለትም ምንጭ ኮዱ፣ ለሁሉም ግልጽ የሆነ ማለት ነው። ማንኛውም ሰው በፕሮግራሙ ሊገለገል፣ አሠራሩን ሊመረምር፣ ሊያርመውና ገልብጦ ለሌላው ሊሰጥ ፈቃድ አለው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው ግኑ የተባለው ሥራ ይህን መብት በሕጋዊ ፈቃድ አጸና፤ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስም እ.ኤ.አ. በ1991 የሊኑክስን እምብርት አወጣ። ዛሬ ኡቡንቱ፣ ደቢያንና ሊኑክስ ሚንት የሚባሉት በዚሁ እምብርት ላይ የተገነቡ የተለያዩ ስብስቦች ናቸው።

ሐሳቡ ለላስታና ለዋድላ አካባቢ ሰው እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ለአንድ ቤት ብቻ ተቆልፎ የሚቀመጥ ሳይሆን ተማሪው ገልብጦ የሚወስደው፣ የገለበጠውንም መምህሩ የሚያርመው ነበር። ገልባጩ ብራናውንና ቀለሙን በራሱ ድካም እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ክፍት ምንጭም የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅበት እንጂ ድካምና ወጪ የለበትም ማለት አይደለም። ሥልጠና፣ ጊዜና ጥገና ወጪ ናቸው፤ ዕቅድ አውጪው በዕቅዱ ውስጥ ሊያስገባቸው ይገባል።

ጉዳዩ አሁን ለምን ተነሣ?

አንደኛው ምክንያት የመሣሪያዎቹ ዕድሜ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ በኋላ የሚገኘው የጊዜ ማራዘሚያ ምዝገባን ወይም ክፍያን ይጠይቃል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል የሚፈልግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። በእርዳታ የተገኙና አገልግለው የመጡ ኮምፒውተሮች ባሉባቸው ቤተ ሙከራዎች ይህ ማለት ገና የሚሠራ ማሽን ጥበቃ አጥቶ ይቀራል ማለት ነው። በአንጻሩ ሊኑክስ ሚንት በ2 ጊጋባይት ራም ሊሠራ ይችላል፤ ለተመቸ ሥራ 4 ጊጋባይት ይመከራል፤ ቲፒኤም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ120 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚገዛ አዲስ ማሽንና የፈቃድ ክፍያ ለወረዳ በጀት የቱን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሦስተኛው የመብራትና የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። ላሊበላና አካባቢዋ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከደረሰባቸው በኋላ ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆይተዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቀርቷል። በኢንተርኔት ካልተረጋገጠ ወይም ካልታደሰ የማይሠራ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ጊዜ ትምህርት ቤቱን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። የሊኑክስ ስብስብ ግን አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ከተያዘ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በፈለጉት ማሽን ሁሉ ላይ ሊጫን ይችላል።

ካለፈው ተሞክሮ የሚገኝ ትምህርት

ክፍት ምንጭ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያና በጀርመን ትብብር ይካሄድ በነበረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት፣ ኤክስኦ የተባሉ በሺህ የሚቆጠሩ አነስተኛ ላፕቶፖች ለተማሪዎች ታድለዋል። መሣሪያዎቹ 256 ሜጋባይት ራም ብቻ የነበራቸው ሲሆን፣ የሚሠሩትም ፌዶራ በተባለው የሊኑክስ ስብስብና ሹገር በተባለ የልጆች ገጽታ ነበር። የግዕዝ ፊደል የተቀረጸበት የቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮምፒውተርስ ኤንድ ኤዱኬሽን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ላፕቶፑን የተጠቀሙ የኢትዮጵያ ተማሪዎች በአንዳንድ የረቂቅ አስተሳሰብ መለኪያዎች ካልተጠቀሙት የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ ገልጿል።

በዚያው ዓመት በኦሮሚያ፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢዎች፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት አንድሮይድ የሚሠራባቸው ታብሌቶች ያለ አስተማሪ ተሰጥተው ነበር። የአንድሮይድ እምብርትም ሊኑክስ ነው። የፕሮጀክቱ መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት የወሰደበት ጊዜ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግን መምህር አያስፈልግም የሚል አይደለም። ሕፃኑ የሚረሳው ልማድ የለውም፤ ለዓመታት በአንድ ሥርዓት የሠራው መምህር ግን አዲሱን ከመማሩ በፊት የቀድሞውን ቀስ በቀስ መተው አለበት። የሁለቱ ጀማሪነት አንድ ዓይነት አይደለም።

የውጭ አገር ምሳሌዎችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ በመጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ፣ በዚያው በዊንዶውስ ላይ የጽሕፈት ፕሮግራሙን ወደ ኦፕንኦፊስ ለወጠ፤ ቀጥሎ የኢንተርኔት መቃኛውን ወደ ፋየርፎክስ አዛወረ፤ ሥርዓተ ክወናውን ራሱን ወደ ኡቡንቱ መለወጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ2008 ነው። ሠራተኛው ወደ አዲሱ ሥርዓት ሲገባ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች አስቀድመው የለመዳቸው ነበሩ። በሕንድ የኬረላ ክፍለ ግዛትም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወደ ሊኑክስ ሲሸጋገሩ ከመምህራኑ መካከል አሠልጣኞች ተመርጠው ባልደረቦቻቸውን እንዲያስተምሩ ተደርጓል። በአንጻሩ የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ወስና ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ካሸጋገረች በኋላ፣ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስናለች። ስለዚህ የማሽኖቹ መለወጥ ብቻውን ሽግግሩን ዘላቂ አያደርገውም።

የፊደል ጉዳይ

ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ የመጀመሪያው ፈተና ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የወጡት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ የቀድሞ እትሞች፣ የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ስለሆነም የዚያው ዓይነት የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ይሆናል። በመግቢያው የተጠቀሰው ሁለተኛው ችግር ምንጩ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ቢመስልም እጅግ አስፈላጊ ነው፤ በአሮጌው ፊደል የተጻፉ ፈተናዎች፣ ደብዳቤዎችና የተማሪ መዛግብት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያለባቸው ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ነው። የቀድሞው ፕሮግራም ገና በማሽኑ ላይ እያለ ዋናው ጽሑፍ ታትሞ ወይም በፒዲኤፍ ተቀምጦ ከተለወጠው ጋር ይመሳከራል። በተለይ እንደ ኳ፣ ጓና ቷ ያሉ ፊደላት፣ ሥርዓተ ነጥቦችና የግዕዝ ቁጥሮች በልወጣ ጊዜ ሊሳሳቱ ስለሚችሉ በዓይን መታየት አለባቸው።

በሊኑክስ ላይ የአማርኛ ፊደልን ለማሳየት አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉ ነጻ የፊደል ቅርጾች አሉ። ለመጻፍ ደግሞ በድምፅ የሚጽፈው የሴራ ዘዴ ይገኛል። በዚህ ዘዴ ተጠቃሚው የላቲኑን ኤል፣ ኤ፣ ኤል፣ አይ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ በተከታታይ ሲነካ «ላሊበላ» የሚለው ቃል ይጻፍለታል። ኪማን የተባለው የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራምም በሁለቱም ሥርዓቶች ላይ ስለሚሠራ ልማዱን ሳይለቅ መሻገር ለሚፈልግ ጸሐፊ ይረዳል። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፤ የፊደል ቅርጽ ሲለወጥ ስፋቱም ስለሚለወጥ በሁለት ገጽ ያለቀው ፈተና ወደ ሦስተኛ ገጽ ሊያልፍ ይችላል። ወረቀትና ቀለም በቁጠባ በሚሠራበት ትምህርት ቤት ይህ አስቀድሞ መታየት ያለበት ጉዳይ ነው።

የሽግግሩ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተለው ቅደም ተከተል ሊመከር ይችላል።

ሀ) ሥራን መመዝገብ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ምን እንደሚሠራበት ይጻፋል፤ ፈተና መጻፍ፣ ሮስተር ማዘጋጀት፣ ትራንስክሪፕት ማተም፣ ማስተማር። የማተሚያው ዓይነትም ይመዘገባል።

ለ) ፕሮግራሞችን አስቀድሞ መለወጥ። በዊንዶውስ ላይ እንዳሉ ሊብረኦፊስና ፋየርፎክስ ተጭነው ለአንድ መንፈቀ ዓመት ይሠራባቸዋል። በዚህ ጊዜ ያለፈው ዓመት ሮስተር በሊብረኦፊስ ይከፈትና ድምሩ፣ አማካዩና ደረጃው ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑ ይጣራል። ተራ ቀመሮች አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ይሠራሉ፤ በኤክሴል ማክሮ የተዘጋጁት ግን ላይሠሩ ይችላሉ። ስሕተቱ በተማሪው ካርድ ላይ ከመታየቱ በፊት እዚህ ቢገኝ ይሻላል።

ሐ) ሳይጭኑ መሞከር። የሊኑክስ ስብስቡ 8 ጊጋባይት በሚሆን ፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል። በሀርድ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር አይነካም። በዚህ ሙከራ ማተሚያው፣ ድምፁ፣ ዋይፋዩና የአማርኛው ፊደል ይፈተሻሉ። ከፍላሽ ሲሠራ ፍጥነቱ ዝቅ እንደሚልና ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የተደረጉት ማስተካከያዎች በተለምዶ እንደማይቆዩ ጀማሪው ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ሥርዓቱን ያለ ጥፋቱ ይወቅሰዋል።

መ) ቅጂ ማስቀመጥ። የመጫን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጠቃሚ ፋይሎች ሁሉ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጣሉ። ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ካልታየ እንደ ተቀመጠ አይቆጠርም።

ሠ) መጫን። ፕሮግራሙ ሲጫን «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውንና «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚለውን ምርጫ ያቀርባል። የመጀመሪያው በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። ሁለተኛው ሁለቱንም ሥርዓቶች ያኖራል፤ ዳሩ ግን ዲስኩ በሚከፋፈልበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ፋይሎች ሊጠፉ ይችላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ሥራ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ወይም በጄኔሬተርና በዩፒኤስ በተደገፈ ማሽን ብቻ ሊደረግ ይገባል። ከአንድ ማሽን በላይም በአንድ ጊዜ አይጀመርም።

ረ) ያለ ኢንተርኔት መኖር። ስብስቡና ማሻሻያዎቹ ግንኙነት ካለበት ከተማ በአንድ ጊዜ ወርደው ሊመጡ ይችላሉ። የወረደው ፋይል በመንገድ አለመበላሸቱ ከአዘጋጆቹ በሚሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር ይጣራል። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ስለሚያስችል ለቤተ ሙከራው ተጨማሪ ጥቅም ይሰጣል።

ስለ ቫይረስም አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ለዊንዶውስ የተሠራ የፍላሽ ቫይረስ በሊኑክስ ላይ በተለምዶ አይሠራም፤ የተደበቁት ፋይሎችም ብዙውን ጊዜ በቀላሉ ይገኛሉ። ሆኖም የተበከለው ፍላሽ ወደ ሌላ ማሽን ሲሄድ ቫይረሱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጥንቃቄው አይቀርም።

መምህሩ እንደ ጀማሪ

ከቴክኒኩ ይልቅ በዕቅድ ውስጥ የሚዘነጋው የመምህሩ ሁኔታ ነው። በዊንዶውስ ለአሥር ዓመት የሠራ መምህር ወይም ጸሐፊ በአንድ ጠዋት ፋይሉ የት እንደተቀመጠ የማያውቅ ሰው ሆኖ ይገኛል። በተማሪዎቹ ፊት መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ «ይህ ነገር አይሠራም» ብሎ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ ስንፍና አይደለም። ሰው በሙያው ያገኘውን ክብር እንዳያጣ የሚያደርገው ተፈጥሯዊ መከላከል ነው።

መፍትሔውም ሁለት ነው። አንደኛ፣ መምህሩ ከተማሪዎቹ ቀድሞ፣ ከፈተና ወቅትም ርቆ፣ በክረምት ወይም በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት የሚለማመድበት ጊዜ ሊመደብለት ይገባል። ሁለተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ቢያንስ ሁለት ሰዎች መሠልጠን አለባቸው፤ የሠለጠነው አንድ ብቻ ከሆነ እርሱ ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃልም በአንድ ሰው ዘንድ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ታሽጎ በርእሰ መምህሩ ዘንድ ይቀመጥ። ለጀማሪው የሚሰጠው ልምምድም ከዕለት ሥራው የተወሰደ ይሁን፤ አንድ ገጽ ፈተና መጻፍ፣ ማስቀመጥ፣ እንደገና ማግኘት፣ ማተም። ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ጥቁሩ መስኮት ለመጀመሪያው ወር አያስፈልግም። በኋላ ሲያስፈልግም ትርጉሙ ያልታወቀ ትእዛዝ ከሌላ ቦታ ገልብጦ መስጠት አደገኛ መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው።

መምህሩን የሚያበረታታው አንድ እውነትም አለ። በኪሱ የያዘው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ሳያውቀው በሊኑክስ እምብርት ሲገለገል ኖሯል ማለት ነው።

የማይሸጋገሩ ማሽኖች

ሁሉንም መለወጥ ግብ መሆን የለበትም። ለዊንዶውስ ብቻ በተሠራ የሒሳብ ወይም የመዝገብ ፕሮግራም የሚሠራ የጽሕፈት ቤት ማሽን ባለበት ቢቆይ ይሻላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ለዚህ የታሰቡ ማሽኖችም የፈተናው ባለቤት የሆነው ድርጅት የሚጠይቀው ሥርዓት ሳይረጋገጥ አይነኩም። ከዚህ ውጭ ያሉት የቤተ ሙከራ ማሽኖች፣ በተለይም በዕድሜያቸው ምክንያት ወደ መጋዘን ሊገቡ የተቃረቡት፣ ለመጀመሪያው ሙከራ ተስማሚ ናቸው። ሙከራው ባይሳካ የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ ቢሳካ ግን ተማሪዎች የሚለማመዱበት ማሽን ተገኘ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

በላስታ ደጋ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ወደ ክፍት ምንጭ ቢሸጋገር የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ያረጀ ማሽን ዕድሜው ይረዝማል፣ የፈቃድ ክፍያ ይቀራል፣ ኢንተርኔት በሌለበትም ሥራ አይቆምም። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ ነው፤ በመጀመሪያ ፊደሉና ፋይሉ፣ ቀጥሎ ፕሮግራሞቹ፣ በመጨረሻ ሥርዓተ ክወናው፤ በእነዚህም ሁሉ መምህሩ ቀዳሚ ይሁን። ዕቅድ አውጪው ለማሽኖቹ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ለመምህሩ የልምምድ ሰዓት በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ቢሰጥ፣ በመግቢያው የታየው ሁለት ጊዜ የሚጻፍ ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ለተማሪው በሰዓቱ ይደርሳል።